ኬንን የገደለው ኮሚክ

እስቲ ከሬሳው እንጀምር። በ1993 (እዚህ ጽሑፍ ላይ የምታገኟቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማሊቡ ኮሚክስ የሚባል የካሊፎርኒያ አሳታሚ «ስትሪት ፋይተር»ን ወደ ኮሚክ ለመቀየር ከካፕኮም ፈቃድ አግኝቶ ሥራ ጀመረ። በወቅቱ ከዚህ ጨዋታ በላይ ስሙ የሚጠራ የድብድብ ጨዋታ አልነበረም። ማሊቡ ግን ማውጣት የቻለው ሦስት እትም ብቻ ነው። በነዚያ ሦስት ቀጫጭን እትሞች ውስጥ ሳጋት እና ባልሮግ ኬንን ይገድሉታል። መግደል ብቻም አይደለም፤ ያንን ቢጫ ፀጉሩን ከነቆዳው ገፈው ለጓደኛው ለሪዩ ይልኩለታል።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት። ፀጉሩን፣ ከነቆዳው።

ካፕኮም በታሪኩ አካሄድ አልተደሰተም፤ ኮሚኩም በሦስተኛው እትም ላይ ተቋረጠ። ታሪኩ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የማሊቡ «ስትሪት ፋይተር» ስሙ የሚነሳው ከቪዲዮ ጌም የተቀዱ መጥፎ ኮሚኮች ሲቆጠሩ ነው። ተስቆበት ይታለፋል። መሳቁስ ይሁን፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንን ኮሚክ የሠሩት ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። ድርሰቱን የጻፈው ሌን ስትራዜውስኪ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለዲሲ «ጀስቲስ ሶሳይቲ ኦቭ አሜሪካ»ን ጽፎ፣ በ10 እትም የተቋረጠች ብትሆንም አንባቢዎቿ እስከዛሬ በፍቅር የሚያነሷት ሥራ ነበረች። በዚያው በ1993 ለራሱ ለማሊቡ «ፕራይም»ን ከጄራርድ ጆንስ ጋር ሆኖ ፈጥሯል። «ፕራይም» ደግሞ የ13 ዓመት ልጅ በግዙፍ ጎልማሳ ጀግና አካል ውስጥ ገብቶ የሚንቀሳቀስበት፣ ልጆች ስለ ጉልበት የሚያልሙትን ህልም በደንብ የገባው ሰው የጻፈው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ደራሲ ኬንን የሚያህል ገፀ ባህሪ ሲገድል «አላዋቂ ስለሆነ ነው» ብሎ መገላገል አይቻልም።

ታዲያ ምን ነካቸው?

መልሱ ከፊሉ ያለው ኮሚክ መደብሩ ውስጥ ነው። የ90ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ኮሚክ ገበያ በስካር ላይ ነበር። በ1991 የወጣው የ«ኤክስ ሜን» አዲሱ ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ያውም ብዙው ገዢ ሊያነበው ሳይሆን ነገ ይወደድልኛል ብሎ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሊያስቀምጠው። ልክ ዛሬ ሰው ስለ ክሪፕቶ እንደሚያወራው ያኔ ስለ ኮሚክ ይወራ ነበር። በኅዳር 1992 ዲሲ ሱፐርማንን ገደለ። ያቺ እትም በሚሊዮኖች ተቸበቸበች፣ ዜና ሆነች፣ ሰው ለመግዛት ተሰለፈ። በ1993 ደግሞ ባትማን ወገቡ ተሰበረ። እንግዲህ በዚያ ዓመት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ «አዲስ ኮሚክ እንዴት ላስነሳ?» ብሎ ለሚያስብ ሰው ገበያው የሚያንሾካሹክለት ምክር ግልጽ ነው፤ አንድ የሚወደድ ሰው ግደል።

ማሊቡ ደግሞ አዲስ ነገር በጣም ያስፈልገው ነበር። በ1992 ቶድ ማክፋርሌንን የመሳሰሉ ታላላቅ ሠዓሊዎች ማርቭልን ጥለው ወጥተው «ኢሜጅ»ን ሲመሠርቱ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያሳትምላቸው ማሊቡ ነበር። ትንሹ ቤት በአንድ ጊዜ ከትልልቆቹ ጎን ቆመ። ግን ኢሜጅ በ1993 መጀመሪያ አካባቢ የራሱን ጎጆ ወጣ። ማሊቡ በሰው ሙሽራ ደምቆ የነበረ ሠርግ ቤት ሆኖ ቀረ። ክፍተቱን ለመሙላት በአንድ በኩል የራሱን የጀግኖች ዓለም «አልትራቨርስ»ን ከፈተ፤ በሌላ በኩል ሰው አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ስሞች በፈቃድ መሰብሰብ ያዘ። ከ«ስታር ትሬክ» አንዱ ተከታታይ ነበረው። «ስትሪት ፋይተር»ም የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ቤቱ የራሱ የቪዲዮ ጌም ክፍልም ስለነበረው ስለ ጌም ምንም የማያውቅ ነበር ማለት አይቻልም።

እንግዲህ አሁን ወደ ኬን እንመለስ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የሚገባን ኬን ማን እንደሆነ ስናውቅ ነው።

የመጀመሪያው «ስትሪት ፋይተር» በ1987 ሲወጣ ሳንቲም የሚበላ ማሽን ላይ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሲጫወት የሚጫወተው በሪዩ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ሳንቲም ሲጨምር እና ሁለተኛውን እጀታ ሲይዝ፣ ያ ሰው ኬን ይሆናል። በቃ። ኬን የተፈጠረው ለዚህ ነው። እንቅስቃሴው የሪዩ ነው፤ ቡጢው የሪዩ ነው፤ የተለየው ፀጉሩ እና ልብሱ ነው። ታሪክ ኖሮት፣ አባት እና እናት ኖሮት ወደ ጨዋታው የገባ ሰው አይደለም። አጠገባችሁ የቆመው ጓደኛችሁ አካል ስላስፈለገው የመጣ ነው።

በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2» ሲመጣ ስምንት የሚመረጡ ሰዎች ሆኑ፤ ኬንም ሰው ሆነ። ሪዩ ዝምተኛው መናኝ፣ ኬን ሀብታሙ እና ቀበጡ አሜሪካዊ። ግን መሠረቱ አልተነቀለም። ሪዩን የሚመርጥ አለ፣ ኬንን የሚመርጥ አለ፤ ሁለቱ በአንድ ማሽን ፊት ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። እኛ ጌም ቤት ውስጥ ያደግን ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። «እኔ ኬን ነኝ» ነው የሚባለው። «ኬንን ልጫወትበት» የሚል ልጅ ሰምቼ አላውቅም። ያንን ሰው ገድሎ ፀጉሩን በጥቅል መላክ ማለት እንግዲህ ግማሹን አንባቢ «አንተ ሞተሃል» ማለት ነው።

ሱፐርማንን ስትገድል ሌላ ነገር ነው። ሱፐርማንን እናያለን፤ እናደንቃለን፤ ሲሞት እናለቅሳለን። ኬንን ግን አናይም፤ እንሆናለን። ሱፐርማን ደግሞ ያው ሳይቆይ በ1993 ተመልሷል፤ የሞት ታሪክ ሲጀመር የትንሣኤው በር ተከፍቶ ነው። ማሊቡም ኬንን በሆነ መንገድ ሊመልሰው አስቦ ሊሆን ይችላል የሚል ሰው አይጠፋም፤ የኮሚክ ሞት መቼ ሞት ሆኖ ያውቃል! ነገር ግን ተከታታዩ በቁጥር 3 ስለቆመ የማሊቡ ኬን የሚነሳበት ገጽ የለም። ሱፐርማን ተነሣ፤ ኬን እዚያው ቀረ።

አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ፊልም ያየ ሰው ይህንን ሕግ ያውቀዋል፤ አክተር አይሞትም። መብራት ቢጠፋ፣ ጥይት እንደ ዝናብ ቢወርድ፣ አክተሩ አይሞትም። ልጆች ሆነን ይህ የሞኝ እምነት አልነበረም፤ ከፊልሙ ጋር የገባነው ውል ነበር። ሌላውን ሁሉ አድርግ፣ እሱን ብቻ ተውልን። የድብድብ ጨዋታ ይህንኑ ውል በማሽን ቋንቋ ነው የጻፈው። ትሸነፋለህ፣ ፊትህ አብጦ ይታያል፣ ቆጠራው ከዘጠኝ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል፣ ሳንቲም ትጨምራለህ፣ ትነሣለህ። «ስትሪት ፋይተር 2» ላይ ተሸንፎ የቀረ የለም። ጨዋታው ገንዘብ የሚያገኘውም ለዚህ ነው! በሞት ላይ የሚነግድ ኮሚክ እና በመነሣት ላይ የሚነግድ ማሽን አንድ ሽፋን ሥር ሲገቡ፣ አንዱ ሌላውን ማነቁ አይቀርም ነበር።

ሌላም ችግር አለ፤ ይሄኛው ደራሲውን ትንሽ ነጻ የሚያወጣው ነው። «ስትሪት ፋይተር 2» ውስጥ ለኮሚክ የሚበቃ ታሪክ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ምንድነው? ቹን ሊ የአባቷን ደም ትፈልጋለች። ጋይል የጓደኛውን የቻርሊን። ብላንካ መጨረሻ ላይ እናቱን ያገኛል። ኬን ኤላይዛን ያገባል። ሪዩ አሸንፎ ሽልማቱን እንኳ ሳይቀበል ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ ጥቂት ሥዕሎች እና ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ጨዋታውን ለጨረሰ ሰው የሚሰጡ። የቀረው ቡጢ ነው። ደራሲው ከዚህ ተነስቶ በየወሩ የሚነበብ ድራማ ማውጣት አለበት።

ያችም ያለችው ታሪክ ወደ አሜሪካ ስትገባ ተንገዋላ ነው የገባችው። ጃፓን ውስጥ ቦክሰኛው ኤም ባይሰን ይባል ነበር፤ ስሙም መልኩም ማይክ ታይሰንን ስለሚያስታውስ አሜሪካ ላይ ክስ ይመጣል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ስም ተለዋወጡ። ቦክሰኛው ባልሮግ ሆነ፤ ጭምብል የሚያጠልቀው ስፔናዊ ቬጋ ሆነ፤ አለቃቸው ኤም ባይሰን ሆነ። ሪዩ ሲያሸንፍ የሚላት አንዲት መስመር ደግሞ ስትተረጎም የአንድ የቡጢ ስልት ስም የሰው ስም መሰለችና «ሼንግ ሎንግ» የሚባል ሰው ከምንም ተወለደ። በሚያዝያ 1992 «ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ» የተባለው መጽሔት በዚህ ስም የአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ሠራ፤ ሼንግ ሎንግ የተደበቀ ተጫዋች ነው፣ እንዲህ እንዲህ ካደረጋችሁ ይወጣል አለ። ስንቱ ልጅ ሳንቲሙን አልጨረሰ! አስቡት እንግዲህ፤ ተጫዋቹ አንድ የትርጉም ስህተት ይዞ ወራት ሲያሳድድ የሚውለው ታሪክ ስለራበው ነው። ረሀቡ እውነት ነበር። ማሊቡ ያንን ረሀብ በደንብ አይቶታል። የሰጠው ምግብ ነው ችግሩ።

በዚያው በ1993 ረሀቡን በሌላ መንገድ ያስታገሰ አንድ ሌላ ባለፈቃድ አለ፤ የአሻንጉሊት ፋብሪካ። ሃስብሮ የ«ስትሪት ፋይተር» ሰዎችን በጂአይ ጆ አሻንጉሊቶቹ መስመር ሊያወጣ ሲነሳ አንድ ችግር ገጠመው። «ኬን» የሚባል አሻንጉሊት ገበያ ላይ አለ፤ የባርቢ ወዳጅ፣ የተፎካካሪው የማቴል ንብረት። ሳጥኑ ላይ ብቻውን «ኬን» ብሎ መጻፍ ጠብ መጫር ነው። ስለዚህ የአያት ስም ተለጠፈለት፤ ማስተርስ። ኬን ማስተርስ። ይህ የሕግ ጣጣ ለመሸሽ የተለጠፈ ስም ቆይቶ ወደ ጨዋታው ራሱ ገባ፤ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ስሙ ሆኗል። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ይህን ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከአንድ ኩባንያ ፈቃድ የተቀበሉ ሁለት ድርጅቶች፤ አንዱ ስም ሰጠው፣ አንዱ ፀጉሩን ገፈፈው። አሻንጉሊት ሻጩ ስለ ድራማ ምንም የማይገደው ነው። ግን ልጁ ኬንን በእጁ እንዲይዘው ነበር የፈለገው፤ ከእጁ ሊነጥቀው አይደለም።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ማሊቡ ላይ ግን ተረቱ በልኩ አይሰፋም። ሳሚው መሳም ያውቃል፤ የማንን ጉንጭ እንደያዘ ነው የዘነጋው።

ስለ ፈቃድ አሠራርም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ «ካፕኮም ይህን ሁሉ ሲሠሩ የት ነበር?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና። በፈቃድ የሚሠራ ኮሚክ በአብዛኛው ባለመብቱ እየተመለከተ ነው የሚወጣው፤ ድርሰቱ ይላካል፣ ሥዕሉ ይላካል፣ እሺ ወይም አይሆንም ይባላል። ነገር ግን የአሜሪካ ኮሚክ መደብሮች የሚያዝዙት ከወራት በፊት ነው፤ ቁጥር 1 አንባቢ እጅ ሲገባ የሚቀጥሉት እትሞች ታዝዘዋል፣ ተሥለዋል፣ ምናልባትም ማተሚያ ቤት ናቸው። ስለዚህ ተቃውሞ ሲመጣ መሪውን ለማዞር ቦታ የለም፤ ያለው ፍሬን ብቻ ነው። የማሊቡ ኮሚክም የቆመው እንደዚያ ነው። ቀስ ብሎ አልተስተካከለም፣ ታሪኩም አልተቀየረም፤ ተቋረጠ።

ወቅቱም ለካፕኮም ቀላል አልነበረም። በ1992 «ሞርታል ኮምባት» ደም እና አንገት ቆረጣ ይዞ መጥቶ ነበር። ጨዋታው በ1993 ወደ ቤት ኮንሶሎች ሲገባ ኔንቲዶ ደሙን ግራጫ ላብ አስመስሎ አስወጣው። በታኅሣሥ 1993 የአሜሪካ ሴኔት፣ በሴናተር ጆሴፍ ሊበርማን እና ኸርብ ኮል ፊታውራሪነት፣ በጨዋታዎች ውስጥ ስላለው ጭካኔ ምርመራ ተቀመጠ። የ«ስትሪት ፋይተር 2» ትልቁ የቤት ገበያ ደግሞ የኔንቲዶ ማሽን ነበር፤ እዚያ ላይ ብቻ 6.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል። የኮሚኩ መቋረጥ ከሴኔቱ በፊት ነው፤ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ አልፈልግም። ግን አየሩን ለማሽተት ይበቃል። ደም በላብ በሚቀየርበት ዓመት፣ የጨዋታው ስም ያለበት ኮሚክ ከጨዋታው የባሰ ጨካኝ ሆኖ ወጣ።

ቀልዱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ማሊቡ በ1994 የ«ሞርታል ኮምባት»ን ፈቃድ አገኘ፤ ያንንም ኮሚክ እስከ 1995 ድረስ በበርካታ እትሞች አሳተመው። እዚያ ቤት ደም ማፍሰስ የእንግዳ ነውር አይደለም፤ ባህሉ ነው። ያው አሳታሚ፣ ያው ዘመን። የተለወጠው የጨዋታው ውል ነው። «ሞርታል ኮምባት»ማ ገና በ1992 ከፈጣሪዎቹ አንዱ ጆን ቶባያስ ራሱ ጽፎ ራሱ የሣለው ኮሚክ ነበረው፤ ማሽኑ ራሱ በስክሪኑ ላይ ያስተዋውቀው፣ ሰው በፖስታ ያዝዘው ነበር። ገፀ ባህሪውን የሣለው እጅ ታሪኩንም ስለሣለው «ይሄ እኛ የምናውቀው ሰው አይደለም» የሚል አልመጣም።

ለ«ስትሪት ፋይተር»ም በዚያው ጊዜ የተሻለ ነገር ነበር፤ ሩቅ አገር ሆኖ እንጂ። ጃፓን ውስጥ ማሳኦሚ ካንዛኪ የሚባል ሠዓሊ የ«ስትሪት ፋይተር 2» ማንጋ እየሠራ ነበር፤ በ1994 በእንግሊዝኛም ወጥቷል። በዚያው በ1994 የጃፓኑ የአኒሜሽን ፊልም መጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ እኛ ቪዲዮ ቤት የምናውቀው ሰውዬ፣ ቫን ዳም፣ ጋይል ሆኖ የተጫወተበት የሆሊዉድ ፊልም። ያ ፊልም በሐያስያን ተደበደበ፤ ከአሜሪካዊው ኮሚክ ጋርም ብዙ ጊዜ አብሮ ይወቀሳል። እኔ ግን አንድ አላደርጋቸውም። ፊልሙ ሞኝ ነው፤ ኬንን ሌባ እና አጭበርባሪ አድርጎታል። ነገር ግን ኬን ሲያልቅ በሕይወት አለ። በዚያ ላይ ራውል ጁሊያ አለ፤ ታሞ፣ ከስቶ፣ ባይሰንን ግን እንደ ሼክስፒር ንጉሥ አድርጎ የተጫወተው፤ ፊልሙ ሳይወጣ በጥቅምት 1994 አረፈ። ያቺን ትወና ለማየት ብቻ ፊልሙ ይታያል። ለማሊቡ ኮሚክ እንዲህ የሚባልለት ገጽ አላገኘሁም።

ማሊቡም ብዙ አልቆየም። በኅዳር 1994 ማርቭል ገዛው። የተገዛው በኮምፒውተር ቀለም ለሚቀባው ክፍሉ ሲባል ነው ተብሎ ለዓመታት ተወርቷል። ስካሩ ሲበርድ ገበያው ወደቀ፤ ብዙ መደብሮች ተዘጉ፤ በፕላስቲክ ተጠቅልለው የነበሩት ሚሊዮን ቅጂዎች ዋጋ አጡ፤ ለምን ቢባል ሁሉም ሰው ቤት ነበሩ።

አሜሪካ አንባቢ እጅ የሚረጋ የ«ስትሪት ፋይተር» ኮሚክ ለማየት አሥር ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በ2003 ኡዶን የሚባል የካናዳ የሥዕል ስቱዲዮ ፈቃዱን ይዞ መጣ። እነዚህ ልጆች ከማሽኑ ፊት ያደጉ ነበሩ፤ ሥዕላቸውን አይቶ ለመገመት አይከብድም፤ ሪዩ እጁን የሚዘረጋበት ማዕዘን እንኳ ጣት የሚያስታውሰው ማዕዘን ነው። ጭካኔ አልሸሹም፤ ሞትም አለ። ግን የሚሞተው የጨዋታው ታሪክ ራሱ እንዲሞት የፈቀደው ሰው ነው። ካፕኮም ሥራቸውን ከመውደዱ የተነሳ በ2008 አሮጌው «ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ተርቦ» በከፍተኛ ጥራት እንደገና ሲወጣ ገፀ ባህሪዎቹን በሙሉ አዲስ እንዲሥሉ የሰጠው ለእነሱ ነው። ኮሚክ ሠሪው ወደ ጨዋታው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ኬንስ? በ2023 በወጣው «ስትሪት ፋይተር 6» ካፕኮም ራሱ ኬንን ጉድ ሠርቶታል። ሀብታሙ ኬን በማያውቀው የሽብር ወንጀል ተወንጅሎ ሥራውን አጣ፣ ከሚስቱ እና ከልጁ ተለየ፣ ጢሙን አሳድጎ በተጨማደደ ልብስ ተደብቆ ይኖራል። ገና ምስሉ ሲለቀቅ ኢንተርኔቱ ሚስቱ ያባረረችው ሰውዬ አድርጎ ሲሳለቅበት ከረመ። ስሙን ወሰዱበት፣ ገንዘቡን ወሰዱበት፣ ቤቱን ወሰዱበት። ፀጉሩ ግን አለ። ሁለተኛው ሰው እጀታውን ሲይዝ አሁንም ይነሣል።